ከቴዎ ጋር ያየሁት ቀለበት

ሃይደልበርግ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአቶ ሸምሰዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ሰብሪናስ ደህና ናት? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ከካዛንቺሱ ቤት ተነሥታችሁ ኦሎምፒያ ጀርባ ከገባችሁ ወዲህ ደረጃው እንደከበደዎት ሰብሪና ነግራኛለች። ቀስ ብለው ይውጡት፤ የሚያባርርዎ የለም። የለገሃር ባቡር ጋራዥ ስንት ዓመት የደበደበው ጆሮ ስልክ ስለማይቀበልልኝ፣ ይኸው እንደለመድነው በወረቀት መጣሁ።

አጎቴ፣ የምሥራች! በመጨረሻ ቀለበቱ ተገኘ። ከቴዎ ጋር ሆነን ነው ያየነው። ስንት ዘመን ስንመኘው፣ አንዴ ሲበላሽ አንዴ ሲሰበር ቆይቶ፣ ባለፈው ሐሙስ አምሮ ወጣ። ቴዎ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እንግዲህ ለዘመዶችሽ መናገር ትችያለሽ» አለኝ። እኔም ከእርስዎ በፊት ለማንም አልጻፍኩም።

ነገሩን ላስረዳዎት፤ እርስዎ የባቡር ሰው ስለሆኑ አይከብድዎትም። ሰውነታችን የተሠራው ሴል ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ነገሮች ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ደግሞ ሐዲድ ተዘርግቷል። ማይክሮቱቡል ይባላል፤ ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ቱቦ ነው። በሴሉ ውስጥ ዕቃ የሚመላለሰው በእሱ ላይ ነው። አንዱ ሴል ለሁለት ሲከፈልም ዘረ መሉን እኩል አካፍለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጎትቱት እነዚሁ ሐዲዶች ናቸው። የሚሠሩት ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን እንደ ጡብ እየተደረደረ ነው። ጡቡስ ሞልቷል፤ የሚቸግረው መጀመሩ ነው። ሁለት ሦስቱ ቢገጣጠሙ እንኳ ወዲያው ይበታተናሉ። ስለዚህ ሴሉ የመጀመሪያዎቹን ጡቦች የሚያስይዝበት መነሻ አለው፤ ብዙ ፕሮቲኖች ተያይዘው የሠሩት፣ ጋማ ቱቡሊን የሚባሉት አሥራ አራት ሆነው ዙሪያውን የተቀመጡበት ነገር ነው። እኛ ቀለበት የምንለው እሱን ነው። ሐዲዱ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ያድጋል።

ቴዎ ቀለበቱን በቅጽበት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሣዋል። እኔ ከእነዚያ ሁሉ ምስሎች ቅርጹን በኮምፒውተር እገነባለሁ። የሚገርመው፣ ብቻውን ሲሆን ልክ ክብ አይደለም። አንዱ ጎኑ ከፈት ብሎ የተጣመመ ነው። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ አፍራህ ጦይብ


አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአፍራህ ጦይብ፤

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሸፍንሽ፣ የእጅሽን ሥራ ያሳምርልሽ፣ ወደ ወጣሽበት አገር ለመመለስ ያብቃሽ።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። «ቀለበቱ ተገኘ» የሚለውን ሳነብ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ዘበኛ ሮጦ መጣ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ብቻ «ልጄ ታጨች» አልኩት። መጀመሪያ የነገርኩት ለእሱ ነው። ስሙንም አላውቀውም። ጨብጦኝ ሄደ። የቀረውን ገጽ አየት አድርጌ አጠፍኩት። ስለ ሐዲድ ጽፈሻል፤ እሱን ሰከን ስል አነበዋለሁ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ወንድሜ ጦይብ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ነበር። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ የእኔዋ ሰብሪና ገና መዳህ መጀመሯ ነው። መናገር አቅቶት በዓይኑ ወደ አንቺ ያመለክታል። እኔም «ወላሂ፣ አፍራህ ቀለበት ሳታስር የራሴን ልጅ አልድርም» አልኩት። እሱን ሰምቶ ነው ያረፈው።

ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበረውን ጠልሐን ታስታውሽዋለሽ፤ ስልክ የሚጠግነውን። ሰብሪናን ፈልጎ ሽማግሌ ቢመላልስብኝም «ታላቋ ሳትታጭ አይሆንም» እያልኩ መልሼአለሁ። ለአንቺ ግን አልጻፍኩም፤ ለእኔ መሐላ ብለሽ የማትፈልጊውን ሰው እንዳታገቢ ነው። ሰብሪና አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ሰሐን ስታስቀምጥ ግን እኔ ደንቆሮው እንኳ እሰማት ነበር። ትናንት ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠርቼ «ከሮመዳን በኋላ ይሁን» አልኳቸው። ከጦይብ መቃብር ላይ ድንጋይ ያነሣሁ ያህል ቀለለኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ቴዎ ያልሽው የማን ልጅ ነው? ስሙን መላልሼ አነበብኩት። ዛሬ ስለዚህ አልጽፍም፤ ደስታዬ ይሰንብትልኝ። የቀለበቱን ፎቶ ላኪልኝ።

አጎትሽ ሸምሰዲን


የሰብሪና የቴሌግራም መልእክት፣ ታኅሣሥ 4

አፍሪዬ ስልክ አንሺ። በቃ አታነሺም አይደል፣ ማሽን ላይ ነሽ።

እሺ ስሚ። አባ ደብዳቤሽን አንብቦ ቀለበት አሰረች ብሎ ሰፈር አዳርሷል። መልሱንም ዛሬ ፖስታ ቤት ሄዶ ላከልሽ። እኔ ሁለተኛውን ገጽ አንብቤዋለሁ፣ የፕሮቲን ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ ወላሂ። ልነግረው ስል ጠልሐን እሺ ብሎት መጣ።

አፍሪ ጠልሐ አለቀሰ። ማለቴ ጠልሐ! ቤተሰቦቹ ከሰፈር ሲነሱ ከተማ ዳር ነው ቤት የደረሳቸው፣ እናቱ እዛ ብቻዋን ናት። ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ እንፈልግልሃለን እያሉት ነበር። ለአንቺ አልነገርኩሽም፣ ምን ልልሽ ነው? አግቢልኝ?

አባ እውነቱን ከሰማ ያስቆመዋል፣ መሐላ ነዋ። እስከ ኒካሁ ብቻ ዝም በይልኝ። ውሸት አትጻፊ። ዝም ብቻ።


ሃይደልበርግ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአቶ ሸምሰዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። መልሴ ስለዘገየ አፉ በሉኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ስለ አባቴ የጻፉልኝን አንብቤ አለቀስኩ። እጅዎን ይዞ እንደነበር አላውቅም ነበር። እንኳን ነገሩኝ፤ ሳይነግሩኝ ቢቀሩ ኖሮም መልካም ነበር።

ለሰብሪናና ለጠልሐ አላህ በረካ ያድርግላቸው። ጠልሐ ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልኬን አድርቆ ሠርቶልኝ አልከፈልም ብሎ ሸሽቶኛል። ሰብሪናን በደንብ እንደሚይዛት አልጠራጠርም።

የቀለበቱን ፎቶ ጠይቀውኛል። እስካሁን ያለን ደብዛዛ ነው፤ ቴዎ የተሻለ ለማንሣት እየሞከረ ነው። ቴዎ ደግ ሰው ነው። አባቱ አናጢ ነበሩ፣ ሞተዋል። እንጨት ይወዳል፤ ለእኔም የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቶልኛል። ስለ ሃይማኖት ተነጋግረን አናውቅም።

ወገብዎን ሙቀት አይንሱት። እኔን ግን ብዙ አያመስግኑኝ አጎቴ። ምስጋናው የማይገባኝ ሰው ነኝ።

አፍራህ


አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአፍራህ፤

አላህ የልብሽን ሐሳብ ያቅናልሽ። ሮመዳን ስለደረሰ ልቤን ሳላጸዳ መግባት አልፈለግኩም፤ የያዝኩትን ላውጣው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ «ስለ ሃይማኖት ተነጋግረን አናውቅም» የምትለዋን አንብቤ ወረቀቱን ከመስኮቱ ላይ ትቼው ወጣሁ። ምን ማለት ነው? ሰው ስለ ሶፋ ይነጋገራል፣ ስለ መደርደሪያ ይነጋገራል፣ በዚህ ነገር ላይ ዝም ይላል? በእግሬ እስከ ኡራኤል ደርሼ ተመለስኩ። አንድ መኪና መብራቱን ሲያብለጨልጭብኝ ነበር፤ ጥሩምባም ነፍቶብኝ ይሆናል።

የመስጊዳችን ኡስታዝ ዘንድ ሄድኩ። እሱ የሚያውቀውን ነገረኝ፤ እኔም የማውቀውን ነው። ካልሰለመ ኒካሕ የለም። «የወንድሜ አደራ ናት፣ ምን ላድርግ?» ስለው «ዱዓ አድርጉ፣ በሩን አትዝጉባት» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። እኔ ልዘጋው ነበር። ቆርጬ ነበር አፍራህ፤ እንዳትጽፊልኝ ልል ነበር። ከዚያ የጦይብ ዓይን ፊቴ መጣ።

አንድ ያደረግኩት ነገር አለ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሰዎች የእጮኛሽን ስም ሲጠይቁኝ ቴዎ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። «ጣሃ ይባላል» አልኳቸው። እንዲያው ይቀራረባል ብዬ ነው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ጣሃ፣ ጣሃ ነው የሚለው። ውሸት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ግን ለመስጊድ ሰው ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ፎቶውን ተዪው። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። አነጋግሪው። አታስገድጂው፤ ብቻ አነጋግሪው። ጣሃ የሚባል ስም ራሱ ፈቅዶ ቢወስድ የእኔም ውሸት እውነት ይሆናል።

አጎትሽ ሸምሰዲን


ሃይደልበርግ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ፤ ጾምዎንና ዱዓዎን አላህ ይቀበልዎ።

በሮመዳን ልጽፍልዎ ቁጭ እያልኩ ተነሣሁ። በጾም አፌ የማልችለው ነገር ነበር።

የጠየቁኝን በተመለከተ ቴዎን አነጋገርኩት። ሮመዳን ምን እንደሆነ ነገርኩት። «እስኪ አንድ ቀን አብሬሽ ልዋል» ብሎ ጾመ። እስከ ስምንት ሰዓት በደህና ቆየ። ከዚያ ሆዱ እየጮኸ ማይክሮስኮፑ ቤት ውስጥ ሁላችንንም አሳቀን። እንደምንም እስከ ማፍጠሪያ ደረሰ፤ የመጀመሪያዋን ተምር ሲበላ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ከዚህ በላይ ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍልዎም። አጎቴ፣ እባክዎ ስለ እኔ ለሰው አያውሩ። የጣሃን ነገርም ለእኔ ብለው ያደረጉት ስለሆነ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

የሰብሪና ቀን ሲደርስ ልመጣ አልችልም። ቪዛዬ እየታደሰ ስለሆነ ከአገር መውጣት አይፈቀድልኝም። አብራችሁ ባልሆንም ልቤ እዚያ ነው።

አፍራህ


አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአፍራህ፤

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። እሑድ ኒካሑ ታሰረ። አላህ ለአንቺም ቀኑን ያቅርብልሽ።

ያ የቴዎ ጾም! ደብዳቤሽን ቀድጄ እንዳነበብኩ ተነሥቼ ግንባሬን ምድር አስነክቼ ሱጁድ አደረግኩ። ጀርመን ያለ ሰው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለአንቺ ብሎ ውኃ ሳይጠጣ ዋለ። እኔ እኮ ይህን ሰው በልቤ ሳማው ነበር። በሌለበት አዋርጄዋለሁ። ለእሱም ይቅርታ ንገሪልኝ። ተቀብዬዋለሁ። ቀሪውን አላህ ይጨርሰዋል።

የካዛንቺስ ሰው ከየተበተነበት መጣ። አንዱ ከሁለት ታክሲ በላይ ይዞ፣ አንዱ በሰው መኪና። ድንኳን የምንጥልበት ቦታ ስላልነበረን የጠልሐ አጎት አዳራሽ አስፈቀደልን። የድሮ ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ሲተያዩ የኒካሑን ነገር ረስተው ሲላቀሱ ነበር። ሰብሪና አምሮባት ነበር። ሊወስዷት ሲሉ እጄን ስማ «አባ መርቀኝ» አለችኝ፤ ከከንፈሯ አነበብኩት። ያለኝን ሁሉ መረቅኳት። ቀና ስትል ፊቷ ታጥቧል። ይህን ያህል ታለቅሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መጨረሻ ላይ ኡስታዙ ተነሥቶ «ለታላቋ ለአፍራህና ለጣሃም ዱዓ እናድርግ» አለ። ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘረጋ። እኔ «አሚን» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

ለዐረፋ ኑ። ካልቻላችሁም ቀኑን ቁረጡልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ ሸምሰዲን


በቴሌግራም፣ ግንቦት 10

ሰብሪና፦ አፍሪ አሁን እነግረዋለሁ አልሽ የምር? ለምን? አለቀ እኮ። ከጥቂት ወር በኋላ ተለያየን ትዪዋለሽ፣ በቃ። ሰው ይለያያል።

አፍራህ፦ በሌለ እጮኛ ምክንያት ሱጁድ አድርጓል ሰብሪ። ደግሞ ተለያየን ብዬ ላስለቅሰው?

ሰብሪና፦ ጠልሐም እኮ አያውቅም። እናቱ ከሰማች በውሸት ገባች ትለኛለች። አባ ደግሞ… መርቆኛል አፍሪ። እየዋሸሁት መረቀኝ።

አፍራህ፦ ያንቺን ስም አላነሣም። የእኔ ይበቃል።


ሃይደልበርግ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአቶ ሸምሰዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እባክዎ ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ አይክፈቱት። ቤት ገብተው፣ ተቀምጠው ያንብቡት።

አጎቴ፣ አልታጨሁም። ታጭቼም አላውቅም። ቀለበት ያልኩዎት የጣት ቀለበት አይደለም፤ በሴል ውስጥ ያለ፣ ሐዲዱ የሚነሣበት የፕሮቲን ቀለበት ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ። ቴዎ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ማይክሮስኮፑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው አጎቴ፤ የልጅ ልጆች አሉት። መደርደሪያ ያልሠራለት ሰው ሥራ ቦታችን የለም። የጾመውም ሁሉን ነገር መሞከር ስለሚወድ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ማንም ያላሰበው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው። እንደተሳሳቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ። አንድ መስመር ብጽፍልዎ ያበቃ ነበር፤ የሰብሪና ጋብቻ እንዳይቀር ብዬ አልጻፍኩም። መልሼ ሳየው ከላክሁልዎ ሁሉ ውስጥ አንድም ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም። እየመረጥኩ ነዋ የጻፍኩት። ይህንን እንደ መከላከያ አይደለም የምነግርዎ፤ ይበልጥ ያሳፍረኛል። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስሰርዝና ስደልዝ ይታይ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል እየመዘንኩ፣ ተረጋግቼ ነው ያታለልኩዎት።

እርስዎ ከእኔ ጋር ሊቆራረጡ ደርሰው ራስዎን አሸንፈው ተመለሱ። ስለ እኔ ሰው ፊት ዋሹ። ለአባቴ የገቡትን መሐላ ሳያውቁ አፈረሱ። ይህን ሁሉ ሳነብ እዚህ ቁጭ ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ቢቆጡኝም ባይጽፉልኝም ልክ ነዎት።

አፍራህ


አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአፍራህ ጦይብ፤

አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።

ቶሎ ያልጻፍኩት እየተቆጣሁ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። መጀመሪያ ተቆጣሁ። እንዲያውም ደብዳቤሽን በእጄ ጨምድጄ መልሼ ዘረጋሁት። ከዚያ መሐላ ያፈረሰ ሰው የሚጾመውን ጾሜ ጨረስኩ። ሰብሪና ምነው ጾሙ ብትለኝ «ቀሪ አለብኝ» አልኳት። ከዚያ መቆጣቱ ደከመኝ።

ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። ሁለተኛውን ገጽ ማለቴ ነው። ሁሉም እዚያ አለ። አንቺ ምንም አልደበቅሽም ነበር፤ እኔ አንዲት ቃል አይቼ ነው የሮጥኩት። ስንት ዓመት ስትማሪ፣ ስንት ዓመት ስትሠሪ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። መቼ ታገቢያለሽ ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ልጄ የዓመታት ልፋቷን ስታበሥረኝ ባል ያገኘች መሰለኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የአንቺን አያጠፋውም፣ ግን የእኔ ነው።

የመስጊዱ ሰው ስለ ጣሃ ሲጠይቀኝ እስካሁን «ደህና ነው» እላለሁ። ምን ልበል? ስሕተት ነበር ካልኩ የጠልሐ ቤተሰብ ሰብሪናን በምን ዓይን እንደሚያያት አላህ ያውቃል። አዲስ ሙሽራ ናት። ዓርብ ዓርብ እየመጣች ታየኛለች። ሰሞኑን የሽንኩርት ሽታ አስጠላኝ ትላለች፤ እኔም የገባኝ ገብቶኛል። ስለዚህ የጣሃን ነገር እኔ ተሸክሜዋለሁ። አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛው የሥራሽ ነው። ቀለበቱ የተጣመመ ነው ብለሻል። ጠማማ ከሆነ ቀጥ ያለ ሐዲድ እንዴት ይወጣዋል? ጋራዥ እያለሁ መነሻው የተጣመመ ሐዲድ ቀንቶ አይቼ አላውቅም። በእውነት ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሁለተኛው ይህ ነው። ሰብሪና ታውቅ ነበር? ደብዳቤዎችሽን ሁሉ መልሼ አየሁ፤ እንዳልሽው አንድም ሐሰት የለባቸውም። ስለዚህ ከእንግዲህ የምትጽፊልኝን ሳልጠራጠር አምናለሁ። እሷን መጠየቅ አልፈልግም፤ በዚህ ሁኔታዋ ላይ ሆና እንድትደነግጥ አልሻም። ግን እጄን ስማ «መርቀኝ» ባለችኝ ጊዜ ምን እንደነበረ ማወቅ አለብኝ። ካላወቀች ምርቃቴ በደረሰበት ይድረስ። አውቃ ከሆነ ደግሞ ልጄ በምርቃቴ ላይ ቆማ ዋሽታኛለች፤ ያን ጊዜ ምን እንደምሆን አላውቅም። መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ሸምሰዲን


ሃይደልበርግ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአቶ ሸምሰዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የጾሙትን ይቀበልዎ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ተቀብዬ፣ ሰው እንዳያየኝ ማይክሮስኮፑ ክፍል ገብቼ አነበብኩት። ቴዎ ሊገባ በሩን ከፍቶ፣ አይቶኝ፣ መልሶ ዘጋው።

ስለ ቀለበቱ የጠየቁኝ እኛም ስንጨቃጨቅበት የነበረ ጥያቄ ነው። እስካሁን የገባን እንዲህ ነው። ቀለበቱ ብቻውን ሲሆን የተጣመመና የተከፈተ ነው፤ በዚያ ሁኔታው ሐዲድ ማስጀመር ይከብደዋል። ሥራ የማይጀምረው በከንቱ ቦታ ሐዲድ እንዳይዘረጋ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምለው ግን በግምት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጡቦች መጥተው ሲያርፉበት እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሲያያዙ ቀለበቱንም አብረው ይስቡትና እየጠበበ ይዘጋል። አሥራ አራት መቀመጫ አለው ብዬዎት ነበር፤ ሐዲዱ ግን የሚያድገው በአሥራ ሦስት መስመር ነው። ሲዘጋ አንደኛዋ መቀመጫ ከሌላዋ ጋር ተደርባ ትሸፈናለች፣ ጡብም አታስይዝም። ስለዚህ መነሻው የሚቃናው ሐዲዱ መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው። ቴዎ ይህን የሚያሳይ ምስል ባለፈው ሳምንት አገኘ። አንዱን አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ግራጫ ሆኖ የተድበሰበሰ ነው፤ መሃል ላይ የሚያዩት ክብ እሱ ነው። ፎቶ ላኪልኝ ብለውኝ ነበር።

ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ሌላም ካለዎት ይጻፉልኝ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ።

ስለ ሰብሪና ለጠየቁኝ፦ አታውቅም ነበር። ሁለተኛውን ገጽ አላየችውም፤ እኔም አልነገርኳትም። ያን ቀን ያለቀሰችው ከእርስዎ መለየት ከብዷት ነው። ምርቃትዎ ይድረሳት።

ልጅዎ አፍራህ ጦይብ